ውሃ የማያስገባው ልብስ

ባለፈው ሰሞን ከፍኖተ ሰላም ወደ ደብረ ማርቆስ ስሄድ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ጅጋ ሲደርስ የኋላ ጎማው ተነፈሰ። ተሳፋሪው ሁሉ አጉረመረመ፤ አንዷ ሴትዮማ ሹፌሩ አልበቃት ብሎ የሹፌሩን እናት ጭምር ነካካች። እኔ ግን ዘንጌን ይዤ ወረድኩና ከጎሚስታው ደጃፍ ካለችው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ጎማ ሲጠገን ማየት የድሮ ሱሴ ነው፤ ዕድሜዬን የጨረስኩበት ሙያ ነውና። ዘንድሮ አየሩ የሚሞላው በሞተር ነው፤ አብዛኛው ጎማም ካላማዳሪ የሚባል የውስጥ ላስቲክ በሆዱ የለውም። ይኼኛው ግን የድሮ ዘር ሆኖ ነበረው። ጎሚስታው ቀዳዳውን አገኘ፣ በሞረድ ፋቅ ፋቅ አደረገና ማስቲሹን ቀባበት። ቤንዚንና ላስቲክ የተደባለቀበት፣ አፍንጫ የሚሰነፍገው ያ ሽታ ተነሥቶ መጣብኝ። "መጀመሪያ በቤንዚን ጥረገው እንጂ፣ ወንድሜ" አልኩት ሳላስበው። ቀና ብሎ አየኝና "ንጹሕ ነው፣ አባባ" አለኝ። ንጹሕ ነው! እሱ ሥራውን ቀጠለ፤ እኔ ደግሞ እዚያው አግዳሚው ላይ እንደተቀመጥኩ ቡሬ ገባሁ።

የዛሬዋ ቡሬ አይደለችም፤ የዚያን ዘመኗ ናት። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ ስድሳ ከመግባቱ በፊት ይሁን ከገባ በኋላ ዛሬ ይምታታብኛል። ካላማዳሪ መጣፍ ሃምሳ ሳንቲም፣ አንድ ብርሌ ጠጅ ስሙኒ እንደነበር ግን አይጠፋኝም። በሬዲዮ ስለ መንግሥት ብዙ ይወራል፤ እኛ ግን ሬዲዮ የሚከፈትልን ለዘፈን ነበር። ከሱቄ ፊት ለፊት ያሉት ባለ ጠጅ ቤት ሴት ቅዳሜ ቅዳሜ ሬዲዮናቸውን መስኮት ላይ ያወጡታል፤ ገበያተኛው ሁሉ አህያውን አቁሞ ይሰማል፤ ዘፈኑ አልቆ የሬዲዮው ሰውዬ ማውራት ሲጀምር ሁሉም አህያውን ነድቶ ይሄዳል። እኔ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ደብረ ማርቆስ ተምሬ የመጣሁ የቡሬ ብቸኛ ጎሚስታ ነበርኩ፤ እብሪቴ ለጉድ ነው። በሥራ ቀን ካኪ ቁምጣ እለብሳለሁ፤ እሑድ ቴትሮን ሸሚዝ፣ ፀጉር በጎን የተከፈለ። ከአሮጌ ጎማ የምሠራውን ጫማ ያልተጫማ ገበሬ በዚያ አገር አልነበረም ብል ብዙም አላጋነንኩም።

አያ እንየውን ያወቅኋቸውም በዚያው በጫማ ነው። ከፈታም ወንዝ ማዶ የሚኖሩ ገበሬ ነበሩ፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ እጃቸው ሰፊ። በአገሩ የሚታወቁት በጠፍር ነው። ቆዳውን ራሳቸው ተልትለው፣ በቅቤ እያሹ ቀናት ሙሉ ያለፉታል፤ እሳቸው ያለፉት ጠፍር ቀንበርና ሞፈር ይዞ ክረምት ከበጋ አይበጠስም ይባላል። በሰኔ ወር፣ ዝናቡ ገና አንድ ሁለት ብሎ ሲጀምር፣ የበኩር ልጃቸው ደግአረገ ከቡሬ ገበያ ሲመለስ ድልድዩ ያዞረኛል ብሎ ፈታምን በመልካው ገባ። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ይባላል፤ ፈታም ግን አላሳሳቀውም። ደራሽ መጣና ባልንጀሮቹ እያዩት ወሰደው። ከመልካው በታች ወንዙ ከገደል ሥር ገብቶ ጥልቅ ባሕር ይሠራል፤ እዚያ ሲገባ አይተውታል፣ ሲወጣ ግን ያየው የለም።

አገሩ ሁሉ ወጣ። ዋናተኞች ወገባቸውን በገመድ ታስረው ገቡ፣ በረጅም እንጨት ጎረጎሩ፣ ምንም የለም። በአምስተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ "እስካሁን ያልተንሳፈፈው የዛፍ ሥር ይዞት ነው" አሉ። የአጥቢያው ቄስ ጸሎቱን አደረሱ፤ ግን ሬሳ የሌለበት ጸሎት ለእናት ምን ይሆናል? እናቱ የልቅሶውን ዳስ አላስፈርስ አለች፤ "ልጄን አምጡልኝና አፍርሱት" ብላ ምሰሶውን ይዛ ተቀመጠች። አያ እንየው ወደ ሱቄ መጥተው ደጃፉ ላይ ቆሙ። "ምን ልታዘዝ?" ብላቸው፣ "ከሞት አላስጥለው፣ ልጄ። አፈር ላልብሰው ብቻ" አሉኝ። ለእኔ ለጎማ ጠጋኙ ይህን ለምን እንደሚነግሩኝ አልገባኝም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያን ጊዜ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን ድልድይ የሚያድሱ ፈረንጆች ነበሩ። ከእነሱ አንዱ ውሃ ውስጥ ገብቶ የድልድዩን እግር የሚመረምር ጠላቂ ነው፤ አየር በብረት ጠርሙስ ጀርባው ላይ ያዝላል፣ ከአንገቱ እስከ እግሩ ጫፍ ደግሞ ውሃ የማያስገባ ጥቁር የላስቲክ ልብስ ይለብሳል። የትምህርት ቤቱ መምህር ተፈራ፣ ጓደኛዬ፣ ያስተረጉምላቸው ነበርና የአያ እንየውን ነገር ሲነግረው ሰውየው አላንገራገረም፤ "እገባለሁ" አለ። ችግሩ፣ ልብሱን በዚያው ሳምንት የድልድዩ ብረት ጉልበቱ ላይ ቀዶበታል፤ ሌላም ቦታ ያፈሳል። የራሱ ማስቲሽ ቆርቆሮው ውስጥ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ማክሰኞ ደግሞ መኪናቸው ዕቃቸውን ጠቅልሎ ይሄዳል። "ያለ ልብሱ ቢገባስ?" አልኩት ተፈራን። "ጠየቅሁት" አለኝ። "የፈታም ብርድ አያስቆየኝም፣ ልብሱ ካላፈሰሰ ግን አንድ ሰዓት እሠራለሁ ነው የሚለው።"

ቅዳሜ ጠዋት ልብሱን አመጡልኝ። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፤ ግን የማላውቀው ነገር አለ ብዬ ማመን ያን ጊዜ አልለመደብኝም። "ያው ትልቅ ካላማዳሪ ነው" አልኩ። የሚያፈስ ካላማዳሪ እንዴት ይፈተሻል? ይነፋል፣ ውሃ ውስጥ ይነከራል፣ አረፋ የወጣበት ይታያል። አንገቱን በዘይት ጣሳ ወትፌ በላስቲክ ጠፍሬ አሰርኩት፤ በአንዱ እጅጌ የቢራ ጠርሙስ ከተትኩ፤ በሌላው እጅጌ ላይ ከአሮጌ ካላማዳሪ የቆረጥኩትን ቫልቮላ፣ የአየር መግቢያውን፣ አስሬ በእጅ ፓምፕ ነፋሁት። ልብሱ ቀስ እያለ ተነሣ። እግር አወጣ፣ ደረት አወጣ፣ ክንዱን ዘረጋ። ራስ የሌለው ጥቁር ሰው ሱቄ መሐል ሲጋደም ገበያተኛው አማተበ። ነክሮ ማያ የሚሆን ዕቃ ስላልነበረኝ ከጠጅ ቤቱ ጓሮ ወዳለው የከብት ማጠጫ ገንዳ ወሰድነው። አየር የሞላው ነገር አልሰጥም ብሎ ይንሳፈፋል፤ የሚጫነው ሰው ያስፈልግ ነበር። ዞር ብዬ ሳላይ "ይያዝልኝ እስቲ!" አልኩ።

የያዙት አያ እንየው ናቸው። በሁለት ሰፊ እጃቸው ደረቱን ተጭነው ያን ሰው የመሰለ ነገር ውሃ ውስጥ አሰጠሙት፤ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው ነበር። "ኧረ ይተዉት አያ፣ ሌላ ሰው ይያዘው!" አልኩ ደንግጬ። "ሥራህን ሥራ፣ ልጄ" አሉ። አረፋው ከጉልበቱ ቡልቅ ቡልቅ ሲል፣ ከብብቱም ሥር በቀጭኑ ሲወጣ በከሰል ምልክት አደረግሁ። እሳቸው እስክጨርስ ድረስ እጃቸውን አላነሡም።

ጠርጌ፣ ሞርጄ፣ ማስቲሽ ቀብቼ፣ ከአዲስ ካላማዳሪ የቆረጥኩትን መጣፊያ ለጥፌ በድንጋይ ተጫንኩት። ያማረ ሥራ ነበር፤ በሕይወቴ ከሠራኋቸው ሁሉ ያማረ። ጠላቂው እንኳ በጣቱ ዳብሶ ራሱን ነቀነቀ። እስከ ሰኞ እዚያው ሱቄ ጥላ ውስጥ ተሰቅሎ እንዲደርቅ ተስማማን። አያ እንየው ልብሱን ትክ ብለው እያዩ "ምንድነው እንዲህ ያለ ነገር?" አሉኝ። አሁን የምነግራችሁን ነገር እስካሁን ለሚስቴም አልነገርኩም። እኔ ዐዋቂው፣ እኔ ባለ ቴትሮኑ፣ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ "ላስቲክ እንደ ቆዳ ነው፣ አያ እንየው። ከደረቀ ይሰነጠቃል" አልኳቸው። ሰውዬው ሊገባቸው በሚችል ቋንቋ መናገሬ ነበር። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

እሑድ ጠዋት መጥተው "አንተ ቅዳሴህን ሂድ፣ እኔ እጠብቀዋለሁ" ሲሉኝ ቁልፉን ሰጠኋቸው። ተመልሼ ስመጣ ከሱቁ የወጣው ሽታ የማስቲሽ አልነበረም። ልብሱ ከአንገቱ እስከ እግሩ ያብረቀርቃል። አያ እንየው እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰብስበው፣ ባዶ ቅል አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ላስቲኩን ልክ እንደ ጠፍር በመዳፋቸው እያሹ ነበር።

"አያ እንየው፣ ምን አደረጉ?"

"አለፋሁት፣ ልጄ። ብነካው ደርቋል። አንተው እንደ ቆዳ ነው አላልክም?" ፊታቸው ከስንት ቀን በኋላ ትንሽ በርቷል። "ቅቤዋ እናቱ ለፍስክ ያስቀመጠቻት ናት። አሁን ማን ሊበላት ነው ብላ ራሷ ሰጠችኝ። እኔ ውሃ ውስጥ አልገባለት፤ ይኼን እንኳ ላድርግለት ብዬ ነው።"

ማስቲሽና ቅባት ጠላት ናቸው። ቅቤ የነካው ላስቲክ መጣፊያ አይዝም፤ የያዘውንም ይለቃል። ይህን ጎሚስታ በተማረ በመጀመሪያው ቀን ያውቀዋል። በምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር። ከዚያ እነዚያን የሚያብረቀርቁ እጆች አየሁ። "ደግ አደረጉ" አልኳቸው።

ወደ ቤታቸው ሲመለሱ በሩን ዘጋሁ። በቤንዚን ጠረግሁ፣ በሳሙና አጠብሁ፣ በአመድ አሸሁ፣ እንደገና በቤንዚን። መጣፊያዎቹ ጠርዛቸው ተነሥቶ ነበርና ላጥኳቸው፣ ሌላ ለጠፍሁ። ላስቲኩ ግን ቅቤውን ጠጥቶታል፤ ባሸሁት ቁጥር ከውስጥ ይወዛል። ለጠላቂው መንገር ነበረብኝ። ይህን ያኔም አውቄው ነበር። ሰውየው ነፍሱን ይዞ የሚገባው እኔን አምኖ ነው። ግን ብነግረው አልገባም ይላል፤ ለምን ሲባል ደግሞ የአያ እንየው ቅቤ ይወራል። ይይዝ ይሆናል አልኩ። ውሃ የወሰደው አረፋ ይጨብጣል ይባል የለ? እኔ ደረቅ መሬት ላይ ቆሜ ጨበጥኩ።

ሰኞ ረፋዱ ላይ ፈታም ዳር ሰው እንደ ጥምቀት ተሰብስቦ ነበር። ቄሱ ጥላቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ መቃብሩ ከትናንት ጀምሮ ተቆፍሮ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ጠላቂው ወገቡ ላይ ገመድ ታስሮ፣ ያን እኔ የጣፍሁትን ልብስ ለብሶ ገባ። ውሃው ዘጋበት። አረፋው እየወጣ ወደ ገደሉ ሥር ሲሄድ በዓይናችን እንከተላለን። ሩብ ሰዓት ያህል ቢቆይ ነው፤ ገመዱ ሦስት ጊዜ ተጎተተ። ስናወጣው አንዱ የልብሱ እግር ውሃ ሞልቶ እንደ ስልቻ ተነፍቷል፤ ከንፈሩ ጠቁሮ ጥርሱ ይንገጫገጫል። የጉልበቱ መጣፊያ በአንድ ጠርዙ ብቻ ተንጠልጥሏል። ዓይኔን ከዚያች ቁራጭ ላስቲክ መንቀል አቃተኝ።

ተፈራ ጎንበስ ብሎ አዳመጠውና ቀና አለ። "አግኝቼዋለሁ ነው የሚለው" አለ። "ከገደሉ ሥር የዛፍ ሥር ይዞታል። ገመድ ላስርበት ስል ውሃው ሞላኝ፣ እጄ አልታዘዝ አለኝ ይላል። ልብሱ ይጣፍልኝና ነገ ማልዶ እገባለሁ፤ መኪናው ይጠብቀኛል ብሏል።"

አያ እንየው የሰውየውን እግር ሊስሙ ሲወድቁ ተፈራና እኔ ያዝናቸው። "ነገ" አሉኝ፣ እጄን ጨብጠው። "ነገ ነው፣ ልጄ። ቦታው ታውቋል።" እኔ ልብሱን ታቅፌ ወደ ቡሬ ሮጥኩ። ገና ቤንዚኑን ሳልከፍት ከሰዓት በኋላ ከአገው ምድር በኩል ሰማዩ ጠቆረ፤ ነጎድጓዱ ተሰማ። እኛ ጋ ጠብ አላለም። ፈታም ግን ደረሰ፤ ቀይ ሆኖ፣ ግንድ እየተሸከመ። ማክሰኞ ማለዳ ስንሄድ ትናንት የቆምንበት ቦታ ውሃ ውስጥ ነበር። ጠላቂው እስከ ቀትር ዳሩ ላይ ቆሞ አየ፤ ከዚያ ራሱን ነቅንቆ፣ የአያ እንየውን እጅ ይዞ በቋንቋው የሆነ ነገር አላቸው። ተፈራ አልተረጎመውም፤ አያ እንየውም አልጠየቁም።

ውሃው በጥቅምት ሲጎድል ዋናተኞቹ ተመልሰው ገቡ። ዛፉም ሥሩም የለም፤ ባሕሩ ግማሹን አሸዋ ሞልቶታል። የመቃብሩ ጉድጓድ ግን ከሰኔ ጀምሮ ክፍት ነበርና ቄሱ "ክፍት መቃብር ሰው ይጠራል" ብለው የወጣውን አፈር መልሰው አስሞሉት። አያ እንየው በእጃቸው እየዘገኑ ሞሉ። እኔም አካፋ ይዤ ነበር። ባዶ ጉድጓድ ላይ አፈር ስጨምር ካለቀስኩት በላይ ያለቀስኩበት ቀን ትዝ አይለኝም፤ አያ እንየው ናቸው ዞረው ያጽናኑኝ።

እኔን የገደለኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አያ እንየው ወዳጅ አደረጉኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ ሲመለሱ ከሱቄ አግዳሚ ላይ ያርፋሉ። ለመጣው ሁሉ "ይኸ ልጅ ጣፈልኝ፣ እኔም በቅቤ አለፋሁት፤ የሰው ድርሻ አልጎደለም፣ ፈታም ነው እንቢ ያለው" እያሉ ያወራሉ። እኔ ጎማዬ ላይ አቀረቅራለሁ። በየዓመቱ ለፋሲካ አንድ ቅል ለጋ ቅቤ ያመጡልኛል። ሚስቴ "እንዲህ ያለ ቅቤ ከየት ይገኛል!" ብላ ዶሮውን ስትሠራ ቤቱ ያውዳል፤ እኔ ሆዴን አመመኝ እላለሁ። ልንገራቸው እያልኩ ስንት ቅዳሜ ተነሥቼ ተቀመጥኩ። ብነግራቸው የሚቀለኝ ለእኔ ነው፤ ለእሳቸው ምን ይተርፋቸዋል? ዝምታዬ ደግነት ይሁን ፍርሃት ዛሬም ለይቼ አላውቅም።

ስምንት ፋሲካ እንዲህ አለፈ። ከስምንተኛው በኋላ ክረምቱ ወጥቶ ገበያው በደመቀበት አንድ ቅዳሜ የጭነት መኪና ካላማዳሪ እየጠገንኩ ነበር። ሹፌሩ ያጣድፈኛል፣ የጠጅ ቤቱ ሬዲዮ ይዘፍናል። አያ እንየው አግዳሚው ላይ ሆነው እጄን ሲመለከቱ ቆዩና "በዚያ ሽታ ባለው ነገር ሁለት ጊዜ የምትጠርገው ለምንድነው?" አሉኝ። እኔ ዓይኔ ቀዳዳው ላይ ነው። አፌ ከእኔ ቀድሞ፣ ለማንም ለጠየቀኝ ሰው እንደምመልሰው፣ "ቅባት ካለበት አይይዝም፣ አያ። ጭላጭ ቅባት ከነካው ውሃ ውስጥ ሲገባ ይለቃል" አለ።

ያልኩት የገባኝ ካልኩት በኋላ ነው። ቀና ስል አያ እንየው ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ገልብጠው መዳፋቸውን እያዩ ነበር።

"እንዲያ ነው?" አሉ።

ላስቲኩ ያረጀ ነበር ልል ነበር፣ ፈታም ነው ልል ነበር፣ ጥፋቱ እንደ ቆዳ ነው ያልኩት የእኔ ነው ልል ነበር። ሹፌሩ "ጨርስ እንጂ፣ አንተ ሰውዬ!" ብሎ ጮኸብኝ። አያ እንየው ዘንጋቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተነሡ። "በል ደህና ዋል" ብለውኝ ሄዱ።

ቅዳሜ አለፈ፣ ሌላ ቅዳሜ አለፈ፣ አልመጡም። ወደ መንደራቸው ልሄድ ስንት ጊዜ ተነሥቼ ከመልካው ማዶ ሳልሻገር ተመለስኩ። ዐቢይ ጾም ገባ፣ ወጣም። የፋሲካ ዋዜማ ከቀትር በኋላ ሱቄን ልዘጋ ስል በደጃፉ ቆመው አየኋቸው። ከስተዋል። ቅሉን በሁለት እጃቸው ይዘውታል፤ ያው ቅቤው መሰለኝ። ተቀብያቸው ክዳኑን ሳነሣ ግን ነጭ ማር ነው።

"ቅቤ አላመጣሁም" አሉኝ። ዓይናቸው ከእጄ አልተነሣም። "ማር ነው። ማር እንኳ ምንም አያበላሽም፣ አይደል፣ ልጄ?"

"አያበላሽም፣ አያ እንየው" አልኳቸው። "ምንም አያበላሽም።"